ጠባቂና አዳኝ በአንድ ስፍራ
ስለ ሺንኮቲግ የባሕር ዳር የአዕዋፍ መጠለያ ለመንደር ትምህርት ቤት መምህራንና ለአገር ሽማግሎች የተደረገ ንግግር



ዛሬ የምነግራችሁ ነገር በሩቅ አገር፣ በባሕር ዳር ስላለ አንድ የአዕዋፍና የአራዊት መጠለያ ነው። ስፍራው በአሜሪካ፣ ቨርጂንያ በምትባለው ግዛት፣ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ዳር ይገኛል፤ ስሙም ሺንኮቲግ ይባላል። የሩቅ አገር ወፍ ወሬ ለገበሬ ልጅ አስተማሪ ምን ይጠቅመዋል የሚል ሰው ይኖር ይሆናል፤ ጥያቄውም የሚገባ ነው። እኔ ይህን ስፍራ የመረጥሁት በዚያ አንድ እንግዳ የሚመስል ሥርዓት ስላለ ነው። ይኸውም መጠለያ ተብሎ በሕግ በተከለለው በዚያው ምድር ላይ፣ ወፍ ለማየት የሚመጣ፣ ለማደን የሚመጣ፣ ዓሣም ለማጥመድ የሚመጣ ሰው ሦስቱም በየተራቸው ይገባሉ። ጠባቂና አዳኝ በአንድ ቤት እንዴት ያድራሉ? መልሱ ከተገኘ ለእኛም ሐይቅ፣ ለእኛም ረግረግ፣ ለእኛም ደን ይጠቅማልና በትዕግሥት እንድትሰሙኝ እለምናለሁ። ነገሩ አብዛኛው የውጭ አገር ስለ ሆነ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

1ኛ፤ ስለ ስፍራው አቀማመጥ

አሳቲግ የምትባል አንዲት ደሴት አለች። ርዝመቷ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ወርዷ ግን እጅግ ጠባብ ነው። በምሥራቅ በኩል ውቅያኖሱ ሌሊትና ቀን ይመታታል፤ በምዕራብ በኩል ጥልቀት የሌለው የተኛ ውኃ ከዋናው ምድር ይለያታል። ምድሯ አሸዋ ነው። አሸዋውንም ማዕበልና ነፋስ ከአንዱ ወገን እያነሡ ወደ ሌላው ወገን ስለሚያፈሱት ደሴቲቱ ባለችበት ጸንታ አትኖርም፤ ቀስ በቀስ ወደ ምዕራብ ትሸሻለች። ከአሸዋው ክምር በስተ ኋላ ጥድ የሚመስል ዛፍ የበቀለበት ደን አለ፤ ከደኑም በስተ ኋላ የባሕሩ ሙላት ሲመጣ የሚሸፈን፣ ሲጐድልም የሚገለጥ ሰፊ የጨው ረግረግ አለ።

የደሴቲቱ ሰሜናዊ ክፍል ሜሪላንድ በምትባለው ግዛት፣ ደቡባዊው ክፍል በቨርጂንያ ውስጥ ነው። መጠለያው በደቡቡ ክፍል በ1943 ተቋቋመ። ስፋቱ ከ14,000 ኤከር ይበልጣል፤ ይህም በአገራችን ልክ ሲሰላ ወደ 140 ጋሻ ይጠጋል። ስሙን ያገኘው በስተ ምዕራብ ካለችው ከጎረቤቲቱ ከሺንኮቲግ ደሴት ነው፤ በእርሷም ላይ ከጥንት ጀምሮ ከባሕር በሚገኝ ሲሳይ የኖረ ሕዝብ ከተማ አለው፤ ከተማውና መጠለያው በድልድይ ይገናኛሉ። በመጠለያው ውስጥ በ1867 ተሠርቶ የተፈጸመ፣ ቀይና ነጭ ቀለም በዙሪያው የተቀባ የመርከብ መብራት ግንብ ቆሟል፤ ቁመቱ 43 ሜትር ያህል ሲሆን እስከ ዛሬም በሌሊት ለመርከቦች ያበራል። ከዋሽንግተን ከተማ ተነሥቶ በመኪና የሚሄድ ሰው በአራት ሰዓት ያህል ይደርሳል። በዚያ ከተማና በዙሪያው ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉና መንገዱ ለአገራችን ልጆችም የራቀ አይደለም።

በመጠለያው ውስጥ ሰው በድልድል አፈር ከልሎ ያበጃቸው ኩሬዎች አሉ። እነዚህን ኩሬዎች የሚጠብቁት ሰዎች ሥራቸው የመስኖ ገበሬን ሥራ ይመስላል። በጸደይ ውኃውን በበሩ ያጎድሉታል፤ ስለ ምን ቢሉ፣ እግረ ረጃጅሞቹ የባሕር ዳር ወፎች በጭቃው ውስጥ ያሉትን ትላትሎች ለቅመው እንዲበሉ ነው። በመከር ጊዜ ደግሞ ውኃውን መልሰው ይሞሉታል፤ ከሰሜን የሚመጡት ዳክዬዎችና ዝይዎች የሚያርፉበት ጥልቅ ውኃ እንዲያገኙ ነው። እንግዲህ መጠለያ ማለት ምድሩን ከልሎ መተው ብቻ እንዳይደለ ከዚህ እንረዳለን፤ እጅን የሚጠይቅ እርሻ ነው።

2ኛ፤ ወፍ ለማየት ስለሚመጣ ሰው

ወደዚህ ስፍራ የሚመጣው ሰው የሚያየው ነገር እንደ ወራቱ ይለያያል። በኅዳርና በታኅሣሥ የመጣ እንደ ሆነ የበረዶ ዝይ የተባሉትን ወፎች ያገኛል። እነዚህም ሰውነታቸው ነጭ፣ የክንፋቸው ጫፍ ጥቁር ነው። በካናዳ ሰሜናዊ ጫፍ፣ በረዶ በሚጸናበት ምድር በበጋ ወልደው አሳድገው፣ ክረምቱ ሲበረታ ሽህ ሽህ ሆነው ወደ ደቡብ ይወርዳሉ። ባንድነት ከውኃው ሲነሡ ድምፃቸው ከሩቅ ይሰማል። በግንቦት የመጣ ሰው ደግሞ ከደቡብ አሜሪካ ተነሥተው ወደ ሰሜን የሚያልፉትን ትንንሽ የባሕር ዳር ወፎች ያያል፤ እነርሱም በመንገድ ላይ ጥቂት ቀን አርፈው፣ በልተው፣ ስብ አጠራቅመው ይሄዳሉ። መንገደኛ በመንገዱ ላይ ውኃና ስንቅ ቢያጣ እንደሚሞት ሁሉ፣ ይህ ማረፊያ ቢጠፋባቸው ከዓመታዊ ጉዟቸው የሚቀሩ ብዙዎች ናቸው።

በበጋም ወራት ትንሽ ብትሆንም ከሁሉ የበለጠ ክርክር ያስነሣችውን ወፍ ያገኛል። ይህች ወፍ ቀለሟ የደረቀ አሸዋ ይመስላል፤ ክብደቷም ከአንድ የዶሮ እንቁላል እምብዛም አይበልጥም። ጎጆ አትሠራም፤ በገላጣው አሸዋ ላይ ጥቂት ጐድጐድ አድርጋ እንቁላሏን ትጥላለች። እንቁላሉም አሸዋ ስለሚመስል ሰው ሳያየው ይረግጠዋል፤ መኪናም ይሄድበታል። ቍጥሯ እየተመናመነ ስለ ሄደ በ1986 በአትላንቲክ ዳር ያለችው ወገን መጥፋት ከሚያሰጋቸው ፍጥረታት መዝገብ ገባች። ከዚያ ወዲህ ከመጋቢት እኩሌታ ጀምሮ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ከባሕሩ ዳር የተወሰነው ክፍል ለሰው ይዘጋል። ለመታጠብና ለማጥመድ የመጣው ሰው፣ ስለ አንዲት ድንቢጥ ስለምታክል ወፍ እኔ ለምን እከለከላለሁ ብሎ ማጉረምረሙ አልቀረም። ነገር ግን የተዘጋው ክፍል ከነሐሴ በኋላ ይከፈታል፤ ሌላው ክፍልም በዚያው በተዘጋበት ወራት ክፍት ነው። ሰው ለመታጠብ ሌላ ዳርቻ ያገኛል፤ ወፊቱ ግን ከዚህ አሸዋ በቀር መውለጃ የላትም።

ተመልካቹም የሚጠብቀው ሥርዓት አለው። በተቀየሰው መንገድ ይሄዳል፤ ሩቁን በሚያቀርብ መነጽር ከሩቅ ሆኖ ያያል፤ ውሻ ይዞ አይገባም፤ ለዱር እንስሳ ምግብ አይሰጥም። ወፍን ደጋግሞ ከማረፊያው ማስነሣት ለመንገዱ ያጠራቀመውን ጉልበት መቀማት ነውና ዝምታ ከሥርዓቱ አንዱ ነው።

3ኛ፤ ጥበቃው ስለ ምን አስፈለገ

የዚህን ሥርዓት ምክንያት ለማወቅ ወደ ኋላ መመለስ ይገባናል። ከ1900 በፊት በነበሩት ዓመታት በአሜሪካና በአውሮፓ ከተሞች የሴቶች ባርኔጣ በወፍ ላባ ማስጌጥ ታላቅ ወግ ሆኖ ነበር። ከሁሉ ይልቅ የሚፈለገው የነጭ ሳቢሳ ላባ ነበር፤ ዋጋውም ከወርቅ ጋር ይወዳደር ነበር። ክፋቱ የት ላይ ነው ቢሉ፣ ያ ያማረ ላባ የሚበቅለው በመውለጃዋ ወራት ነው። አዳኞችም በጎጆዋ ላይ ሳለች ይገድሏት ነበርና እናቲቱ ስትሞት ጫጩቶቹ በረኀብ ያልቁ ነበር። በአንድ ጥይት ያለፈው ትውልድና የሚመጣው ትውልድ በአንድነት ጠፋ ማለት ነው። በ1896 ሀሪየት ሄመንዌይና ሚና ሆል የተባሉ ሁለት የቦስተን ከተማ ወይዛዝርት እመቤቶችን ሰብስበው ላባ እንዳይለብሱ መከሩ፤ ወፎችንም የሚጠብቅ ማኅበር አቋቋሙ።

በ1903 ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት በፍሎሪዳ ያለችውን የፔሊካን ደሴት ለአዕዋፍ መጠለያ እንድትሆን አዘዘ። ፔሊካን ማለት በኦሮምኛ ሻላ የምትባለው ባለ ከረጢት ምንቃሯ ወፍ ናት። በአገሪቱ ውስጥ መንግሥት ለዱር እንስሳት የከለላቸው መጠለያዎች ሁሉ ታሪካቸው ከዚህች ትንሽ ደሴት ይጀምራል፤ ዛሬ ቍጥራቸው ከ570 በላይ ሆኗል። የመጀመሪያው ዘበኛ ፖል ክሮገል የሚባል ሰው ሲሆን በወር የሚከፈለው አንድ ዶላር ብቻ ነበር። ሥራውም ያለ አደጋ አልነበረም። በዚያው በፍሎሪዳ ጋይ ብራድሊ የተባለ ሌላ የወፍ ዘበኛ በ1905 በላባ አዳኞች ጥይት ሞተ።

አንድ ምሳሌ ልጨምር። በሰሜን አሜሪካ መንጋዋ ሲያልፍ ፀሓይን ይጋርድ ነበር የሚባልላት የዱር እርግብ ነበረች። ቍጥሯ በሺህ ሚሊዮን የሚገመት ነበር። ሰዎች ይህች ታልቃለች ብለው በልባቸው እንኳ አላሰቡም፤ ያለ ወራትና ያለ ልክ ገደሏት፤ ለገበያም በባቡር ጫኗት፤ የምታርፍበትንም ደን ቈረጡት። የመጨረሻዪቱ በሲንሲናቲ ከተማ በእንስሳት ማቆያ ውስጥ በ1914 ሞተች። ከዚያ ወዲህ በዓለም ላይ አንዲትም የላትም። እንግዲህ ብዛት ብቻውን ዋስትና አይሆንም።

ከዚህ በኋላ በ1918 ተሻጋሪ ወፎችን የሚጠብቅ ሕግ ወጣ። በእርሱም መሠረት በጸደይ፣ ወፎቹ ወደ መውለጃቸው በሚመለሱበት ጊዜ፣ ለስፖርት ማደን ተከለከለ። ይህ ነገር ለእኛ አዲስ አይደለም። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 እናት ወፍን ከእንቁላሎቿ ወይም ከጫጩቶቿ ጋር ያገኘ ሰው እናቲቱን እንዲለቅ ታዟል። ሕጉ ሰውን ከመጠቀም ፈጽሞ አልከለከለውም፤ እናቲቱን ግን ለሚመጣው ዓመት አስቀረለት። የምንበላውና የማናጠፋው ምን እንደ ሆነ መለየት ማለት ይህ ነው።

4ኛ፤ ስለ አዳኝ

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። መጠለያ ከሆነ አዳኝ ለምን ይገባል?

የመጀመሪያው ምክንያት የዋጋ ነገር ነው። በ1930ዎቹ ዓመታት በአሜሪካ ድርቅ ጸንቶ፣ ረግረጉም ለእርሻ እየተንጣፈፈ ስለ ነበረ ዳክዬ እጅግ አነሰ። ያን ጊዜ በ1934 አንድ ሕግ ወጣ፤ ዳክዬና ዝይ የሚያድን ዕድሜው 16 ዓመት የሆነውና ከዚያም በላይ የሆነ ሰው ሁሉ በየዓመቱ ልዩ ቴምብር እንዲገዛ አዘዘ። የመጀመሪያውን ቴምብር ሥዕል የሣለው ጄ ኤን ዳርሊንግ የተባለው የጋዜጣ ሠዓሊ ነው። ዋጋው ያን ጊዜ 1 ዶላር ነበር፤ አሁን 25 ዶላር ነው። ከእያንዳንዱ ዶላር 98 ሳንቲሙ ለወፎች የሚሆን ረግረግና ምድር ለመግዛት ወይም ለመከራየት ይውላል። በዚህም ገንዘብ እስከ ዛሬ ከ6,000,000 ኤከር በላይ ምድር ተጠብቋል፤ ይህም ወደ 60,000 ጋሻ ነው። አዳኙ የሚተኩስባት ወፍ የምታድርበትን ቤት ኪራይ ከፋይ ሆነ ማለት ነው። ወፍ ተመልካቾችም ብዙዎች ሳያድኑ ይህንኑ ቴምብር ይገዛሉ፤ የመግቢያ ዋጋ ወደሚጠየቅባቸውም መጠለያዎች ያስገባቸዋል።

ሁለተኛው ምክንያት የሚዛን ነገር ነው። በአሳቲግ ደሴት በ1923 ከምሥራቅ እስያ ወገን የሆኑ ትንንሽ አጋዘኖች ተለቀቁ። በደሴቲቱ እነርሱን የሚበላ ትልቅ አውሬ የለም። ያለ ገደብ ቢራቡ ቅጠሉንና ቡቃያውን ስለሚጨርሱት ደኑ ይራቈታል፤ በደኑ የሚኖሩትም ሌሎች ፍጥረታት ይጎዳሉ። ስለዚህ በየዓመቱ በተወሰኑ ቀኖች፣ የፈቃድ ወረቀት የያዙ አዳኞች በተለየ ክልል ገብተው ያድናሉ። ለዳክዬና ለዝይ አደንም የተለዩ ረግረጎች አሉ፤ ከእነርሱ ውጭ መተኰስ ያስቀጣል። በአንድ ቀን የሚገደለውም በቍጥር የተወሰነ ነው።

የበረዶውም ዝይ ነገር ይህንኑ ያስረዳል። ከ1900 አቅራቢያ በምሥራቅ አሜሪካ የሚወርደው ወገን ጥቂት ሺህ ብቻ ቀርቶ ነበር። ስለዚህ አደኑ ለብዙ ዓመታት ተከለከለ፤ የሺንኮቲግም መጠለያ በተቋቋመ ጊዜ ከዋነኞቹ ዓላማዎቹ አንዱ ይህችን ዝይ መጠበቅ ነበር። ጥበቃው ፍሬ አፈራ። የ20ኛው መቶ ዓመት ሲፈጸም ቍጥሯ ወደ ሚሊዮን ደረሰ። ያን ጊዜ ሌላ ችግር ተነሣ፤ ዝይዎቹ ሣሩን ከነሥሩ እየነቀሉ ረግረጉንና የሰሜኑን የመውለጃ ምድር ማራቈት ጀመሩ፤ የገበሬውንም እህል በሉ። በ1999 ሕጉ ተሻሽሎ አደኑ ሰፋ። የከለከለውም የፈቀደውም አንዱ ሐሳብ ነው፤ ሲያንስ መጾም፣ ሲበዛ መብላት።

የአዳኝ ሕግ በዕውቀት እየታረመ እንደሚሄድም ልብ በሉ። ቀድሞ ዳክዬ የሚታደነው በእርሳስ እንክብል ነበር። ዳክዬ ምግቧን ለመፍጨት ጠጠር የምትውጥ ስለ ሆነች፣ በረግረጉ ውስጥ የወደቀውን የእርሳስ እንክብል ጠጠር መስሏት ትውጠዋለች፤ እርሳሱም መርዝ ሆኖ ይገድላታል። እርሷን የበላ ንስርም ይመረዛል። ከጥይቱ ያመለጠች ወፍ በተረፈው አረር ትሞት ነበር ማለት ነው። ስለዚህ ከ1991 ጀምሮ በአገሪቱ ሁሉ የውኃ ወፍ በእርሳስ እንክብል ማደን ተከለከለ፤ በእርሳሱም ፈንታ ብረትና ሌላ መርዝ የሌለው ማዕድን ተተካ።

5ኛ፤ ስለ ዓሣ አጥማጅ

ዓሣ አጥማጁ በውቅያኖሱ ዳር ቆሞ ረጅም ዘንግ ይዞ መንጠቆውን ከማዕበሉ ማዶ ይወረውራል። በተኛው ውኃ ወገን ደግሞ አባት ከልጆቹ ጋር ሆኖ፣ በገመድ ጫፍ የዶሮ አንገት አስሮ ወደ ውኃው ይጥልና ሸርጣኑ ሲይዘው ቀስ ብሎ ስቦ በመረብ ይቀበለዋል። ሸርጣን እኛ የማንበላው ፍጥረት ነው፤ ለዚያ አገር ሰው ግን የተወደደ ምግብ ነው።

አጥማጁም ሕግ አለበት። ለየዓሣው ዓይነት የርዝመት ልክ ተወስኗል፤ ከልኩ ያነሰውን ወዲያው ወደ ውኃው ይመልሳል። ስለ ምን ቢሉ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይወልድ የተያዘ ዓሣ ዘሩን ይዞ ይሞታልና ነው። በቀን የሚያዘውም ቍጥር የተወሰነ ነው። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን ይህ ልክ የሚጠበቀው ዘበኛ በሌለበትም ጊዜ መሆኑ ነው። ውቅያኖሱ ሰፊ፣ ዘበኛው ጥቂት ነው። ልጁ አባቱ ዓሣውን ለክቶ ሲመልስ ካየ፣ ሕጉ ከወረቀት ወደ ልማድ ተሻገረ ማለት ነው። መምህራን ሆይ፣ የትምህርት ሥራ ከዚህ ላይ ይጀምራል።

6ኛ፤ ያልተፈጸመው ሥራ

የዚያ ስፍራ ነገር ሁሉ የተቃና እንዳይመስላችሁ። ባሕሩ በየዓመቱ አሸዋውን ይበላል፤ ማዕበሉ ለመኪና ማቆሚያ የተደለደለውን ስፍራ ብዙ ጊዜ አፍርሶታል፤ እንደ ገና ለመሥራትም ገንዘብ ይጠፋል። የከተማው ነዋሪ እንጀራው ከእንግዶች ነውና ዳርቻው እንዳይርቅበት ይሰጋል። የመጠለያው ሹሞች በ2015 ባወጡት እቅድ የመታጠቢያውን ዳርቻ ወደ ሰሜን ለማዛወር አሰቡ፤ ይህም ብዙ ምክክርና ሙግት ያስከተለ ነገር ነው።

በደሴቲቱ ላይ ትንንሽ የዱር ፈረሶችም አሉ። በቨርጂንያው ክፍል ያሉት የከተማው የበጎ ፈቃድ የእሳት አጥፊ ማኅበር ንብረት ናቸው። ፈረሶቹ ረግረጉን እንዳይጨርሱት ያደጉት ከ150 እንዳይበልጡ ተወስኗል። ማኅበሩ በየዓመቱ በሐምሌ ፈረሶቹን በውኃ አዋኝቶ ወደ ከተማው ያሻግራቸዋል፤ ውርንጭሎቹንም በጨረታ ይሸጣል፤ ከዚህም በሚገኘው ገንዘብ የእሳት ማጥፊያውን መሣሪያ ያሟላል። ይህ ልማድ ከ1925 ጀምሮ የቆየ ነው። መንግሥት ወፉን ሲጠብቅ የሕዝቡን ልማድ አላጠፋበትም፤ ልማዱን በልክ ወሰነለት እንጂ። ሕዝቡም ጥበቃውን እንደ ባዕድ ጠላት ፈጽሞ ያልቈጠረው ስለዚህ ይመስለኛል።

7ኛ፤ ለእኛ የሚሆነው

እስካሁን የተናገርሁት ሁሉ በአራት ቃል ሊጠቀለል ይችላል፤ ጊዜ፣ ስፍራ፣ ልክ፣ ዋጋ። ጊዜ ማለት በመውለጃ ወራት መተው ነው። ስፍራ ማለት ማደሪያውን አለማፍረስ ነው። ልክ ማለት ከሚወለደው አብልጦ አለመግደል ነው። ዋጋ ማለት የሚጠቀመው ሰው ለጥበቃው መክፈሉ ነው። ከእነዚህ አንዱ ቢጐድል ሦስቱ ብቻቸውን አያድኑም።

ለዚህ ማስረጃው በአገራችን አለ። በስምጥ ሸለቆ ባለው በሻላ ሐይቅ ደሴት ላይ ሻላ ወፎች ጎጆ ሠርተው ይወልዱ ነበር፤ ምግባቸውን ግን ያገኙ የነበረው ዓሣ ከሚበዛበት ከጎረቤቱ ከአብያታ ሐይቅ ነው። ሁለቱም ሐይቆች በብሔራዊ ፓርክ ተከልለዋል። ነገር ግን የአብያታ ውኃ ለሶዳ ማምረቻና ወደ እርሱ የሚፈስሱት ወንዞች ለመስኖ እየተወሰዱ ስለ ሄዱ ሐይቁ እጅግ ሸሸ፤ ጨዋማነቱም በረታ፤ ዓሣውም አለቀ። ወፎቹም በአጠገባቸው የነበረውን ማዕድ አጡ። ልብ በሉ፤ በዚህ ነገር የአዳኝ ጥይት አልተተኰሰም። ስፍራው ከጠፋ ጥይት አያስፈልግም።

የሚያጽናናም ምሳሌ አለ። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ በሆለታ አጠገብ፣ በርጋ የሚባል ረግረግ አለ። በዚያ በክረምት ወራት ክንፏ ላይ ነጭ ያለባት አንዲት ትንሽ የረግረግ ወፍ ትወልዳለች። ይህች ወፍ በዓለም ላይ እጅግ ጥቂት ከቀሩት አንዷ ስትሆን የምትታወቀውም በተለይ በኢትዮጵያና በደቡብ አፍሪካ ነው። በሣር ውስጥ ተሸሽጋ ስለምትኖር ከብት ሣሩን ሲግጠውና ሲረግጠው፣ ሰውም ያለ ጊዜው ሲያጭደው ጎጆዋ ይጠፋል። የአካባቢው ሰዎች ለጥበቃዋ ማኅበር አቋቋሙ፤ ከጥበቃውም ጋር ተያይዞ ለመንደሩ ልጆች ትምህርት ቤት ተሠራላቸው። የቴምብሩን ሥርዓት በመንደር ልክ ተመልከቱት፤ ሰው ለወፊቱ ጥቂት ወራት ሣሩን ለቀቀላት፤ በእርሷም ምክንያት ልጁ ፊደል ቈጠረ።

ስለዚህ ለመምህራንና ለሽማግሎች ሦስት ነገር አሳስባለሁ።

አንደኛ፤ መምህሩ አንድ ደብተር ያዘጋጅ፤ ሽማግሎችም በመንደሩ ያሉት ወፎች በየትኛው ወር እንደሚወልዱ፣ ዓሣ በየትኛው ወር እንደሚረባ፣ ሽመላ በየትኛው ወር ከሰሜን መጥታ መቼ እንደምትመለስ የሚያውቁትን ይንገሩት። ይህ ዕውቀት በሽማግሎች ልብ ውስጥ አለ፤ ካልተጻፈ ግን ከእነርሱ ጋር ይቀበራል። ተማሪዎችም በየወሩ ወደ ውኃው ዳር ወርደው ያዩትን ወፍ ቈጥረው በዚያው ደብተር ይጻፉ። ቍጥር ከሌለ ሲያንስ አይታወቅም።

ሁለተኛ፤ ሽማግሎች በሸንጎ ተቀምጠው ከረግረጉ አንዱን ማዕዘን በመውለጃው ወራት ከብትና ማጭድ እንዳይገባበት ይስማሙ። ሁሉን መዝጋት ድሀውን ይጎዳል፤ ምንም አለመዝጋት ደግሞ ልጁን ይጎዳል። ስለዚህ የሚዘጋው ስፍራ የት እንደ ሆነና መቼ እንደሚከፈት በግልጽ ይነገር። ሰው የሚያምፀው መጨረሻው በማይታወቅ ክልከላ ላይ ነው።

ሦስተኛ፤ እረኛ ልጆች ወንጭፋቸውን በጎጆ ላይ እንዳያነሡ፣ እንቁላልና ጫጩትም እንዳይለቅሙ ይማሩ። ይህን ስል ገበሬው እህሉን ከግሪሳ አይከላከል ማለቴ አይደለም። ማሳን የሚያወድም መንጋ ሲመጣ ማባረር የተገባ ነው። ነገር ግን ልጁ እህል የምትበላውን ወፍና በማሳው ላይ ያለውን ተባይ የምትበላውን ወፍ ለይቶ ያውቅ ዘንድ ያስፈልጋል፤ ሁለቱን በአንድ ድንጋይ የሚመታ ልጅ ረዳቱን ከጠላቱ ጋር ይገድላል።

በየዓመቱ ከመስከረም በኋላ ከአውሮፓ ምድር የምትመጣው ሽመላ በማሳችን ላይ አንበጣና ትል ስትለቅም እናያታለን። እርሷ የመንግሥታትን ድንበር አታውቅም፤ በአንዱ አገር ብትጠበቅና በሌላው ብትገደል ጥበቃው ከንቱ ነው። በሺንኮቲግ ኩሬ ላይ የምታርፈው ዝይ ስለ ካናዳም ስለ ቨርጂንያም ሕግ እንደምትኖር፣ በመንደራችን ረግረግ የምታርፈውም ወፍ የእኛ ፈንታ ናት። ሌሎች ጠብቀው ልከውልናል፤ ጠብቀን እንመልሳት።

 እግዚአብሔር የአገራችንን ውኃና ምድር ይባርክልን።